ክብሪቱን ተዉት፣ ደረቱን ተጫኑ

በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው እንበል። ቦታው ሻኮፒ፣ ጊዜው ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱም በሰው ተጨናንቋል። ዕድሜው ሃምሳ ግድም የሆነ፣ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ ሊቀመጥ ሲል ድንገት ይወድቃል። ጩኸት ይነሣል። አንዱ «ውሃ!» ይላል፤ ሌላው «ክብሪት አምጡ!» ይላል፤ አንዲት እናት ስመ ሥላሴን ትጠራለች፤ ከወጣቶቹ አንዱ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ይሮጣል። የወደቀው ሰው አፉን ከፍቶ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያሰማል። «ተመስገን፣ ይተነፍሳል!» ይባላል። አይተነፍስም። ልቡ ቆሟል፤ ያ ድምፅ የጣር ድምፅ ነው። ክብሪቱ ተጭሮ፣ ውሃው ተረጭቶ፣ ቁልፉ ተገኝቶ፣ ሰውየው በአራት ሰው ተሸክሞ መኪና ውስጥ እስኪገባ አሥር ደቂቃ አልፏል።

ይህ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም ግን እንግዳ ነገር የሚሆንበት ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚጥል በሽታ ለያዘው ሰው ይበጃል ተብሎ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ልማድ ነው። ለሚጥል በሽታም ቢሆን የሚፈይደው ነገር የለም። ልቡ ለቆመ ሰው ግን ባለመፍየዱ ብቻ አያበቃም፤ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ይበላበታል። ልቡ የቆመ ሰው ማንም ደረቱን ሳይጫንለትና ልብን የሚያስነሣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ሐኪሞች ከተስማሙ ቆይተዋል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ይህ የሚሆንበት አገር የት እንደሆነ ሲታሰብ ነው። ሚኒያፖሊስ በልብ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትንሽ ስም ያላት ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1952 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆን ሉዊስ የአንዲትን የአምስት ዓመት ልጅ ሰውነት አቀዝቅዘው፣ ልቧን ከፍተው፣ በውስጧ የነበረውን ቀዳዳ ዓይናቸው እያየ ሰፉት። በ1954 ባልደረባቸው ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የታመመውን ሕፃን ደም ሥር ብዙውን ጊዜ ከወላጁ ደም ሥር ጋር በቱቦ እያገናኙ፣ የአንድ ሰው ልብና ሳንባ ለሁለት ሰው እንዲሠራ እያደረጉ ቀዶ ሕክምና አካሄዱ። እናት ወይም አባት ለልጃቸው ማሽን ሆነው ተኙ ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት ዶክተር ሪቻርድ ዲዎል በደም ውስጥ የኦክስጅን አረፋ የሚያስገባ ቀላል መሣሪያ ሠሩና ወላጅን በማሽን መተካት ተቻለ። በ1957 ከተማው መብራት ጠፍቶበት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የልብ ምት መሣሪያ ሁሉ አስጊ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ ኤርል ባከን የተባሉት የሜድትሮኒክ መሥራች በሚኒያፖሊስ ጋራዥ ውስጥ በባትሪ የሚሠራውን ፈጠሩ።

ዛሬ ኤክሞ የሚባለው ማሽን የዚያ የዲዎል መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በብሽሽት በኩል ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ይገባሉ። አንደኛው የተቃጠለ አየር የተሸከመውን ደም ከትልቁ የመላሽ ደም ሥር ስቦ ያወጣል። ደሙ በፓምፕ እየተገፋ በአንድ ስስ ወንፊት ሲያልፍ የተቃጠለውን አየር ይጥላል፣ ኦክስጅን ይቀበላል። በሁለተኛው ቱቦ ደግሞ ወደ ሰውነት ተመልሶ አንጎልንና ኩላሊትን ይመግባል። ልብ ቆማም ሰውየው በሕይወት ይቆያል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ማሽኑ በሽታ አያድንም፣ ፋታ ይሰጣል እንጂ። ሐኪሞቹ በዚያ ፋታ ውስጥ የልብን ደም ሥር መርምረው የተዘጋውን ይከፍታሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት አልነሣ ካላቸው ታካሚዎች ውስጥ 84 ከመቶ የሚሆኑት የልባቸው ደም ሥር በከፍተኛ ደረጃ የጠበበ ወይም የተዘጋ ሆኖ ተገኝቷል። የሞተ የሚመስለው ሰው፣ ምክንያቱ የሚጠገን ሰው ነበረ ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ በኤክሞ ከሞት ከተረፉት አራስ ሕፃናት የመጀመሪያዋ በ1975 በካሊፎርኒያ የተወለደች፣ ከሜክሲኮ ድንበር ተሻግራ የመጣች እናት ልጅ ነበረች። እናት ጥላት ስለ ሄደች ስም ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ ኤስፔራንዛ አሏት፤ ተስፋ ማለት ነው።)

በዶክተር ዴሜትሪ ያኖፑሎስ የሚመራው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ለቆመ ሰዎች ይህን ማሽን በሥርዓት መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ነው። ከዚያም በ2019 እና በ2020 «አሬስት» በተባለ ጥናት 30 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም ሦስት ጊዜ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጥቷቸው ልባቸው አልነሣ ያለ ነበሩ። በተለመደው ሕክምና ከተያዙት 15 ሰዎች ከሆስፒታል በሕይወት የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደ ኤክሞ ከተወሰዱት 14 ሰዎች ውስጥ ግን 6ቱ ወጡ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ 6ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከሌላው ወገን ማንም አልነበረም። ተቆጣጣሪው ኮሚቴ ልዩነቱን አይቶ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም አደረገ። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2020 ታትሟል።

ከዚያም አልፈው ታካሚው ወደ ማሽኑ እስኪመጣ ከመጠበቅ ማሽኑ ወደ ታካሚው ይሂድ አሉ። በሄልምስሊ በጎ አድራጎት ድርጅት የ18.6 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ ተንቀሳቃሽ ቡድን ተቋቋመ። አምቡላንሱ በሽተኛውን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሲወስድ ቡድኑ በመኪና እየበረረ እዚያው ደርሶ ማሽኑን ይገጥማል። ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 58 ሰዎች 25ቱ አእምሯቸው ደህና ሆኖ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ውስጡ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተደራጀ ትልቅ የጭነት መኪናም ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን በጭብጨባ ብቻ ማለፍ አይገባም። በፕራግ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ በደህና አእምሮ የተገኙት 31.5 ከመቶ ከ22 ከመቶ ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ2023 በኔዘርላንድስ ከ10 ሆስፒታሎች የተሰበሰበው ውጤት ደግሞ 20 ከመቶ ከ16 ከመቶ ጋር ሆነ፤ ከዚህ ልዩነት አለ ብሎ መናገር አይቻልም። ማሽኑ አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን ለየቅል ነው። ለምን ቢባል፣ በሚኒሶታ አንድ ቡድን ሌት ተቀን ይህን ብቻ እየሠራ እጁን አፍታቷል፤ በኔዘርላንድስ ሥራው በብዙ ሆስፒታሎች ተበትኖ ነበር፤ ማሽኑ እስኪነሣም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰውን የሚያድነው የማሽኑ ስም ሳይሆን ሰውየው ከወደቀበት ሰከንድ ጀምሮ ደቂቃዎቹ የዋሉበት ሥራ ነው።

ታዲያ ሻኮፒ ላይ የወደቀው ሰው የት ላይ ነው? ሻኮፒ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ20 ማይል በላይ ይርቃል። ወንዙን ተሻግሮ፣ አውራ ጎዳናውን ይዞ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲገኝ እንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በጥናቱ ለመግባት ከተጠየቁት መመዘኛዎች አንዱ ደግሞ ታካሚው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ሊደርስ የሚችል መሆኑ ነበር። ስለዚህ ሻኮፒ በመስመሩ ጫፍ ላይ ናት። ከ2016 ወዲህ የአማዞን መጋዘን ተከፍቶ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ሠራተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ሌሊትና ቀን የሚሠሩባት ከተማ እንደመሆኗ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጫፍ ላይ ላለ ሰው አምስት ደቂቃ መባከን ማለት ከመስመሩ ወጥቶ መውደቅ ማለት ነው። ማሽኑ ሊረዳው የሚችለው አንጎሉ ያልሞተበትን ሰው ብቻ ነው። አንጎሉን እስከዚያ ድረስ የሚያቆየው ደግሞ አጠገቡ የነበረው ሰው እጅ ነው። ሌላ ማንም የለም።

ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። ሰውየው ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ 911 መደወል፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ በሁለት እጅ የደረቱን መሀል ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እየተጫኑ መልቀቅ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አፍ ለአፍ መተንፈስ የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ደረቱን ብቻ ቢጫን ይበቃል። ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። እስክስታ ለሁለት ሰዓት የማይደክመው ሰው ደረት ለመጫን ሁለት ደቂቃ ካልቻለ ያስተዛዝባል። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ግን አይሆንም፤ ወለሉ ላይ መውረድ አለበት። ዴንማርካዊው ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ይህንኑ ነው። ደረቱ ተጫነ፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡ ተነሣ፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። ለእርሱ ኤክሞ አላስፈለገውም። እጅ ቀድሞ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ራሱ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ያ እጅ ለሁሉም እኩል አይዘረጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ በአሜሪካ በሰው ፊት ልባቸው የቆመ ከ110 ሺህ በላይ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት እንዳሳየው፣ ነጭ ሰው በአደባባይ ሲወድቅ 60 ከመቶ ያህል ጊዜ ደረቱን የሚጫንለት መንገደኛ ሲያገኝ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ ሲሆን ግን ወደ 46 ከመቶ ይወርዳል። በመንገድ ላይ ላለው ልዩነት የሌላውን ጥርጣሬና ግዴለሽነት መውቀስ ይቻላል። ነገር ግን በቤት ውስጥም 47 ከመቶ ከ39 ከመቶ ጋር ነው። በቤት ውስጥ አጠገቡ ያለው ሚስቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ ነው፤ እዚያ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ሥልጠና ነው።

ሌሎች ሰበቦችም አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወይም የልጅ ልጅ ለማሳደግ የመጡ አባቶችና እናቶች ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ቤት ይውላሉ፤ ቴሌፎኑን ቢያነሡ ምን እንደሚሉ አያውቁም። የ911 ሠራተኞች በስልክ አስተርጓሚ የሚያገናኙበት አሠራር አላቸው። «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃልና የቤቱን አድራሻ ማስጠናት ይቻላል፤ አድራሻውን በትልቁ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍም ይቻላል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ «ነክቼው ቢሞት እከሰሳለሁ» ይባላል። የሚኒሶታ ሕግ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። በአደጋ ቦታ የተገኘ ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ተገቢውን እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል፤ 911 መደወልም ከዚያ ይቆጠራል። ያለ ክፍያ በቅን ልቡና የረዳውንም ከክስ ይጠብቃል። ሦስተኛው ብዙዎች በአፋቸው የማያወጡት ነው፤ የአምቡላንስ ዕዳ። ዕዳው እውነት ነው፤ ከባድም ነው። ቢሆንም በመኪና የተወሰደ ሰው መንገድ ላይ ደረቱን የሚጫንለት የለም፤ ሬሳ ይዞ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ መድረስ ቁጠባ አይባልም። ሆስፒታሎች የድንገተኛ ታካሚን ኢንሹራንስ የለህም ብለው እንዳይመልሱ ከ1986 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ተደንግጓል።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር መባል አለበት። የኢትዮጵያውያን ዕድሮች አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሳምንት የሚያሰባስቡት ገንዘብ የሚያኮራ ነው። ከሙታን ጋር እንዲህ የሚተባበር ሕዝብ ጥቂት ነው። ኤ.ኢ.ዲ. የሚባለው፣ ማንም ሰው ከፍቶ ድምፁን እየሰማ ሊጠቀምበት የሚችለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው ዋጋው። በስንት ቤተ ክርስቲያን፣ በስንት መስጊድ፣ በስንት የድግስ አዳራሽና ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል? የሻኮፒ ምድዋከንተን ሱ የተባለው የአገሬው ተወላጆች ማኅበረሰብ ከ2004 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ እነዚህን መሣሪያዎች ለፖሊሶች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለመሳሰሉት ተቋማት በነፃ አድሏል። ጎረቤት ይህን ያህል ካደረገ የዕድር ሊቀ መንበር አንድ ደብዳቤ ጽፎ ማመልከት አይከብደውም። ሥልጠናውም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ በሚኒሶታ ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ደረት መጫንን እንዲማሩ በሕግ ተደንግጓል። በብዙ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቀው ሰው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ናት። ችግሩ በዚያ የክርስትና ድግስ ላይ ትልልቆቹ «አንቺ ዞር በይ» ይሏታል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ተሳክቶ ሰውየው ማሽኑ ላይ ደረሰ እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በማኅበረሰቡ ዘንድ ጨርሶ አይወራም። በሚኒሶታው ጥናት ኤክሞ ካገኙት 14 ሰዎች 6ቱ ወጥተዋል ሲባል፣ 8ቱ አልወጡም ማለትም ነው። አንዳንዱ ልቡ ድኖ አንጎሉ አይነቃም። ሐኪሞች አንጎሉ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ይሰበስቡና ማሽኑ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በዚያን ሰዓት ክፍሉ በዘመድ ተሞልቷል። እናት አገር ቤት ናቸው፤ አልተነገራቸውም። ታላቅ ወንድም ዋሽንግተን ሆኖ በስልክ «እንዳትፈርሙ!» ይላል። አንዱ «ድሃ ስለሆነ ነው ሊገድሉት የፈለጉት» ይላል። የሐኪሙን ቃል የሚያስተረጉመው ደግሞ የታማሚው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ «አባትህ አይነቃም» የሚለውን ቃል ለእናቱ በአማርኛ እንዲናገር ይደረጋል። ከዚህ የበለጠ ጭካኔ የለም። ደግሞም አስፈላጊ አይደለም፤ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ቤተሰቡ «አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል።

ጥርጣሬው ከምንም የተነሣ አይደለም፤ በአገር ቤትም በዚህም ሐኪም ፊት ተንቆ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ቢሆንም ማሽኑ ለዘላለም የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። በቀናት ውስጥ ደም መርጋትን፣ መድማትን፣ ኢንፌክሽንን ያመጣል። ስለዚህ «ይቀጥል» ማለትም እንደ «ይቁም» ሁሉ ውሳኔ ነው፤ አንድ ሰው ሊወስነው ይገባል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሕመምተኛው ጤነኛ ሳለ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድም ከእህት ባልተቀያየመ ነበር። ለዚህ ሄልዝ ኬር ዳይሬክቲቭ የሚባል ወረቀት አለ። ጠበቃ አያስፈልገውም። በሚኒሶታ ሕግ የሚጠይቀው የኖተሪ ማረጋገጫ ወይም የሁለት ምስክሮች ፊርማ ነው፤ ሁለት ምስክር ደግሞ ይህ ጋዜጣ በሚነበብበት በማንኛውም የቡና ጠረጴዛ ዙሪያ አይጠፋም።